ተረካቢ ያጣ ውኃ

ማናህሎሽ የውኃ ምህንድስና ተምራ ጁባ የገባች ሰሞን ድልድዩ ላይ ቆማ ነጭ ዓባይን ስታይ ነገሩ አልገባት ብሎ ነበር። ይህን የሚያህል ወንዝ በጎኑ እያለፈ ሰው እንዴት ይጠማል? አትላባራ ሰፈር ግን ሴቶቹ ከቦቴ መኪና ደፍራሽ ውኃ በጀሪካን እየገዙ ይጠጡ ነበር። እሷም ቀረች። እናቷ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ባለቻት ቁጥር «ይህን ፕሮጀክት ልጨርስና» እያለች ዓመታት ሄዱ።

ከሠራቻቸው ሁሉ የምትሳሳው ለአትላባራው ነው። ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ታንከር፣ ከሥሩ የተደረደሩ ቧንቧዎች። ጠዋት ፀሐይ የሶላር ፓኔሎቹን ስትነካቸው ፓምፑ በራሱ ይነሣል። ብርሃን ውኃ ሲሆን ማየት! ስንቴ አይታው አልለመደችውም።

የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዓቢዳ ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰች፣ አማርኛዋ እንደ ምላሷ የሰላ ሴት ናት። በማናህሎሽ ስም መቀለድ አይሰለቻትም።

«ቢሮሽ ኤሲ፣ ቤትሽ ጄኔሬተር! እውነትም ማን አህሎሽ! የቀረሽ ባል ብቻ ነው፤ እሱንም ፕሮፖዛል ጽፈሽ አስመጪው።»

አንድ ሰኞ የምትሠራበት የእርዳታ ድርጅት ኃላፊ ስምኦን ማናህሎሽን ጠራት። ገንዘቡን የሚሰጠው አገር ፖሊሲውን ቀይሯል፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል።

«ፓምፑስ?»

«መንግሥት ርክክቡን አልፈረመም። ተረካቢ የሌለው ንብረት ተነቅሎ ይመለሳል፤ ስምምነቱ የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ሴቶቹ ይረከቡት እንጂ! የሚጠብቁትም የሚያጸዱትም እነሱ አይደሉ እንዴ?»

«ኮሚቴው በሕግ የተመዘገበ አካል አይደለም። እኔስ ደስ ብሎኝ ይመስልሻል?»

«ለዋናው መሥሪያ ቤት ልጻፍ።»

«ጻፊ። እስከ ሐሙስ መልስ ካልመጣ ግን መኪናው ይሄዳል።»

ጻፈች፤ ለመነች። መልሱ እስኪመጣም ለሴቶቹ ትንፍሽ ላትል ወሰነች።

ረቡዕ አትላባራ ስትደርስ ዓቢዳ አንዱን ቧንቧ በጨርቅ ጠምጥማ ትታገለዋለች።

«ይኸው ያንጠባጥባል! የውስጥ ጎማው አልቋል። አምጪልኝ ካልኩሽ ስንት ጊዜዬ ነው?»

ማናህሎሽ «አመጣለሁ» ማለት አቃታት። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሳያስበው የሚለው ቃል ከአፏ ወጣ።

«አይዞሽ።»

የዓቢዳ እጅ ቧንቧው ላይ ቀረ።

«ምን አልሽኝ?»

«ምንም። አይዞሽ ነው ያልኩሽ።»

ዓቢዳ ቀና ብላ አየቻት። «መጠለያው ውስጥ ስንዴው ሲቀነስ፣ የጭነት መኪና ላይ የቆመው ሰውዬ አይዟችሁ አለን። ክሊኒኩ ሲዘጋ እናቴን አዝዬ በሩ ላይ ቆሜ፣ ነርሷ አይዞሽ አለችኝ። እናንተ የምትሰጡት ነገር እያላችሁ እንዲህ አትሉም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መቼ ነው የሚነቅሉት?»

ማናህሎሽን እንባ ቀደማት። «ጽፌያለሁ፣ ዓቢዳ... መልስ ካልመጣ፣ ነገ።»

ዓቢዳ ወደ ተሰለፉት ሴቶች ዞራ በጁባ ዓረብኛ «ሞያ ከላስ!» አለች፤ ውኃው አበቃ ማለቷ ነው። ሴቶቹ ሳቁ። የተለመደ ቀልዷ መሰላቸው፤ ውኃው እኮ ጀሪካኖቻቸው ውስጥ እየተንፎለፎለ ነበር። ስትደግመው ፊቷን አዩና ሳቁ ጠፋ።

መልስ አልመጣም። ሐሙስ መኪናው መጣ።

ዓቢዳ አልጮኸችም፤ መንገድም አልዘጋችም። አራሶቹን አስቀድማ፣ አሮጊቶቹን አስከትላ፣ በታንከሩ የቀረውን ውኃ እስከ መጨረሻው አስቀዳች። በላይዋ ፓኔሎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እያንዳንዳቸው ላይ ትንሽ ሰማይ አለ፤ ደመናው ሳይቀር ይታያል፤ ሠራተኞቹ ያንን ሰማይ እየተቀባበሉ መኪናው ላይ በብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል።

ማናህሎሽ መቆም አላስችል ብሏት የአንዲት አሮጊት ጀሪካን ልትሸከም ጎንበስ አለች። ዓቢዳ መጥታ ከእጇ ወሰደችው። በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ በቀስታ ነው የወሰደችው።

«ተይው፣ እህቴ። መኪናው ጥሎሽ እንዳይሄድ።»

ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ማናህሎሽ ጋቢና ገባች።