«አትሂዱ» ያለችበት ቀን

ደብረ ታቦር ውስጥ ሩቅያን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ከጨርቅ ሱቆቹ መሀል ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ የሞላት ጠባብ ቢሮ አለቻት። በሯ ላይ «የጉዞ አማካሪ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ ስቆባታል። «እግር ያለው ሰው ለመሄድ ምክር ይገዛል?» እያሉ ያሽሟጥጧት ነበር። እሷም አፏ አያርፍ፣ «እግርስ አላችሁ፤ ወዴት እንደሚወስዳችሁ ነው የማታውቁት» ትላቸዋለች።

ቱሪዝም የተማረችው እዚሁ ከተማ ነው። ሥራውን ስትጀምር የነበራት ሀብት አባባ ይሻው ብቻ ነበሩ፤ የጉና ገበሬ፣ የሦስት በቅሎ ጌታ። እንግዶቿን ወደ ተራራው የሚያወጡላት እሳቸው ናቸው። ብርድ ያንዘፈዘፈውን እንግዳ እሳት ዳር አስቀምጠው ትኩስ ድንች የሚያበሉላት ደግሞ ባለቤታቸው እማማ ብዙነሽ። እንግዳው ከተራራው ወርዶ «ዕድሜ ልኬን አልረሳውም» ሲላት፣ ሩቅያ ያን ቀን ምሳ ባትበላም ትጠግባለች። ቀስ በቀስ ሥራው ሰፋ። ዑምራ ለሚሄዱት ቲኬት፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለሚታጠቡት መኪና፣ ጣራ ገዳም ለሚሳለሙት ማደሪያ፣ ሁሉንም እሷ ታሰናዳ ጀመር። እነዚያው ያሽሟጠጧት ጎረቤቶች ልጆቻቸውን «እንደ ሩቅያ ሁኑ» ይሉ ጀመር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግዳ ቀረ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ሥራዋም ተጠቃሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፦ «ሩቅያ፣ መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?»

መንገዱ እንዴት እንደሚታወቅ ያስተማሯት ሐጂ ኢልያስ ናቸው፤ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ባለችው ሐሙሲት ሱቅ ያላቸው የዕድሜ ባለጸጋ። «ልጄ፣ ወሬውን ተይው፤ ነጋዴዎቹ ጋ ደውይ» አሏት። «ሱቁን ከፍቶ ስልክ ካነሳልሽ መንገዱ ደህና ነው። ካላነሳልሽ ግን ዘግቶ ሸሽቷል ማለት ነው።» ሩቅያም በየማለዳው ትደውላለች። ካነሱ «ሂዱ»፣ ካላነሱ «አትሂዱ»። ተሳስታ አታውቅም፤ ሰውም ከመናኸሪያው ይልቅ እሷን አመነ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባባ ይሻው እማማ ብዙነሽን በባጃጅ አምጥተው ደግፈው አስገቧቸው። የእማማ ብዙነሽ ልብ ደክሟል። ሐኪሞቹ ሕክምናው እዚህ ስለሌለ ዛሬውኑ ባሕር ዳር ይድረሱ ብለዋል። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል፤ መናኸሪያው ውስጥ ግን አንድ ሚኒባስ ሰው እየሞላ ነው።

«እንሂድ ወይስ እንቅር?» አሉ አባባ ይሻው።

ሩቅያ የሐጂ ኢልያስ ልጅ ሙሄ ጋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አይነሳም። ጎረቤቱ ሐምዛ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ሌሎቹንም ሞከረች፤ የሚያነሳ ጠፋ።

«ሐሙሲት ላይ ደህና አይደለም። ዛሬ አትሂዱ አባባ» አለች። «እማማን ተኩስ መሀል ይዘዋቸው ከሚቀሩ እኔ ቤት ይደሩና ነገ እናያለን።»

«አንቺ ካልሽ» አሉ አባባ ይሻው።

እማማ ብዙነሽ ቀና ብለው፣ «ያ መኪና አይሄድም እንዴ?» አሉ።

«ይሄድ ይሆናል እማማ፤ መድረሱን ነው የምጠራጠረው» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ሙሄ መልሶ ደወለ። ድምፁ ሰልሏል። ሐጂ ኢልያስ ማለዳ አርፈዋል። ነጋዴው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ስልኩን ድምፅ አሳጥቶ፣ ቀብር ላይ ነበር።

«መንገዱስ?» አለችው።

«መንገዱማ ሰላም ነው። ከእናንተም ዘንድ ለቀስተኛ ሲመጣ ነው የዋለው።»

የሐጂን መታመም ታውቅ ነበር፤ ዱዓም አድርጋላቸዋለች። እንደ እሳቸው ያለ ትልቅ ሰው ሲሞት ነጋዴው ሱቁን እንደሚዘጋ ደግሞ ማንም አያጣውም፤ እሷም ስንት ቀብር ስትሄድ በተዘጉ ሱቆች ፊት አልፋለች። ግን ይህን ያህል ጊዜ ተኩስ ብቻ ስትጠብቅ ኖራ፣ ሰው ታሞም እንደሚሞት ረስታው ነበር። ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ሚኒባሱ ከሄደ ቆይቷል፤ ሰዓት እላፊው ስለቀረበም በኮንትራት እንኳ የሚወጣ ሾፌር አጣች። እማማ ብዙነሽ እሷ አልጋ ላይ፣ ሳይነጋ አረፉ።

ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ተቀመጠች። ለምን እንደመጣች ራሷም አታውቅም፤ ቤቷ ግን ለቅሶ ነው፣ የለቀስተኛውን ፊት ማየት አልቻለችም። ጥቂት ቆይቶ አባባ ይሻው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«አገሯ ወስጄ ልቅበራት ነው። መኪና አግኝተናል» አሉ። «ወደ ጉና መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?»

ሩቅያ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። «አባባ፣ ትናንት መንገዱ ክፍት ነበር» አለች። «ሚኒባሱ በሰላም ገብቷል። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

አባባ ይሻው ባርኔጣቸውን አገላበጡት።

«መናኸሪያ ነግረውኛል» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬስ?»

«አላውቅም» አለች ሩቅያ። በዚያች ቢሮ ውስጥ ይህን ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «አላውቅም አባባ።»

እሳቸው ግን አልሄዱም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ስልኳን አንስታ፣ ደውላ፣ ከዚያ ነበር የምትነግራቸው። ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመው እስክትደውል ጠበቋት።