የተወለወለው ዱላ

አንድም ኳስ ሳይወረወርላት ልጄን ዳኛው «አውት!» አላት። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ቃጠሎም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔም እያየሁ ሳልደናገጥ እጽፋለሁ። ያን ዕለት ግን የያዝኩት የውሃ ጠርሙስ ወድቆ ከመቀመጫው ሥር ሲንከባለል እንኳ አልታወቀኝም።

ልጄ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል ትጫወታለች፤ የተወረወረ ኳስ በብረት ዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ዱላውን የሰጠቻት ትምህርቷን ጨርሳ የሄደች የቡድኑ ልጅ ናት። ቀለሙ ተልጧል፣ ተጫጭሯል። ታናሽ ወንድሜ ፍሪድሊ በምትባል አጎራባች ከተማ ባለ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ይወለውላል፤ ሰው አካል ውስጥ የሚገባ ብረት ስለሆነ ቅንጣት ጭረት አይፈቀድለትም። ዱላውን ሲያየው አላስቻለውም።

«ይኼን ይዛ ሰው ፊት ልትቆም? እኔ እያለሁ?» ብሎ ወሰደው።

ሲመልሰው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ልጄ ዘላ አቀፈችው። ዱላው ላይ የነበረችውን ትንሽ ማኅተም ማናችንም ልብ አላልናትም።

በጨዋታው ቀን ቃለ መጠይቅ ላይ ቆይቼ አስረፈድኳት። ስንደርስ ዳኞቹ የሁለቱንም ቡድን ዱላዎች ፈትሸው ጨርሰዋል። እሷም የራሷን ከተፈተሹት ጋር አስደግፋ ሮጠች። ተራዋ ደርሶ መምቻው ቦታ ስትገባ ዱላው በፀሐይ አብለጨለጨ። ዳኛው ተቀብሎ አገላበጠው። የፈቃድ ማኅተሙ ከቀለሙ ጋር ተወልውሎ ጠፍቷል። ሕጉ አጭር ነው፤ ያልተፈቀደ ዱላ ይዛ የገባች አውት ናት፤ የመምታት ተራዋ ይቃጠላል። ዱላው ኳስ አርቆ እንዲመታ ሆን ተብሎ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ከጨዋታው ትባረራለች።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለ ዳኛው።

ወንድሜ ከጎኔ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ! እኔ!» እያለ እጁን አውጥቶ ወደ አጥሩ ሮጠ። ሊመሰገን መስሎታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ!» ብዬ ጃኬቱን ብይዘው አመለጠኝ። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እሱ አጥሩን ይዞ በየትኛው ጨርቅ፣ በየትኛው ቅባት እንደወለወለው በኩራት ያስረዳል። ዳኛው ውስጡ የተጨመረ ነገር እንዳለ ለመስማት ዱላውን ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው፤ ጫፉን ፈተሸ፤ ጣቱን ከላይ እስከ ታች አስኬደበት።

«የተነሳው ቀለሙ ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ። «አውት ናት፤ ግን መጫወት ትችላለች። ይኼ ዱላ ወደ መኪና ይመለስ።»

ወንድሜ ዱላውን ታቅፎ መጣ። «ምን አጠፋሁ? እዚህ አገር የሚፈቀደው ቆሻሻው ነው እንዴ?»

ሳላጣራ አልጽፍም እያልኩ የምኮራው እኔ፣ ከሕጉ መጽሐፍ አንዲት ገጽ አልገለጥኩም ነበር።

ቡድኗ ተመልሶ ወደ ሜዳ ሲገባ ልጄ የኳስ መያዣ ጓንቷን አጥልቃ በአጥሩ በኩል አለፈች። አንዴም ሳትስቅ አጎቷን በእንግሊዝኛ እንደምትወደው ነገረችው። ቀጥሎ፣ እምብዛም በማትናገረው አማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮኸች፦

«አንክል! ጓንቴን ግን እንዳትነካ!»