ከአባታቸው ሥር ያላስገባኋቸው አክስቴ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አንባቢዬ፣ ስለማታውቀኝ ላንተ መንገር ይቀለኛል።

ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ዘመዶቼ ከቋሪት ወጥተው በየአገሩ የተበተኑ ናቸው። ልጆቻቸው ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ድረ ገጽ ሥራልን አሉኝና ሠራሁ። በአያቴ ፎልደር ውስጥ የሚስታቸው፣ በሚስታቸው ውስጥ የልጆቻቸው፣ ከዚያ የልጅ ልጆቻቸው እያለ ይወርዳል። እኔ ስምና የትውልድ ቦታ ብቻ እጽፋለሁ፤ ፕሮግራሙ ቴምፕሌት የምንለውን አንድ የገጽ ቅርጽ ይዞ የእያንዳንዱን ሰው ገጽ ራሱ ያወጣል። ኮርቼበት ነበር።

አንድ እሑድ እትዬ ጥሩዬ ከቡሬ መጡ። አያቴ ከቤት ሠራተኛቸው የወለዷቸው ናቸው፤ አክስቴ ማለት ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። በዚህ ከተማ ቤቴን የሚያንኳኳ ዘመድ ከእሳቸው በቀር አልነበረኝም።

«እንዲያው የኔ ዓለም፣ ብዙ ቦታ አልፈልግም» አሉኝ። «ስሜ ካባቴ ሥር ይግባልኝ። ሳልሞት ልየው።»

እናታቸው ሚስት ስላልነበሩ በእኔ አደራደር ፎልደር የላቸውም። ታዲያ ምን ቸገረኝ? ልጅን በቀጥታ በአባቱ ፎልደር ውስጥ አስገብቶ ቴምፕሌቱ ላይ ጥቂት መስመር መጨመር ይበቃ ነበር። አውቀው ነበር። ግን ሌሎቹ አክስቶቼ ምን ይሉኛል አልኩ። እውነቱን ልናገር? እኔም አፈርኩባቸው። ያን ዕለት እንኳ ድንች በፌስታል ይዘውልኝ በመጡት ሴት አፈርኩ።

«ኮምፒውተሩ አይቀበልም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ። ፊደል እንዳልቆጠሩ አውቄ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ። እሳቸው ስክሪኑን ትንሽ አዩትና «ይሁና፣ እሱ ምን ያውቃል» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እስከ በር እንኳ አልሸኘኋቸውም። ከዚያ ወዲያ አልመጡም፤ እኔም አልደወልኩም። ምን ብዬ ልደውል? መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

በሰማሁ ማግስት ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ገጻቸውን ሠራሁ። ጥሩዬ፣ ከአባታቸው ሥር። ከዚያ የአክስቶቼን ስልክ ፈርቼ ጠበቅሁ። አንዳቸውም ምንም አላሉኝም። እሑድ ሲመጣ አሁን በሬን የሚያንኳኳ የለም፣ ብቻዬን ገጹን ከፍቼ አያለሁ።

ሥራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ሳሉ ልጨርሰው እችል ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።