ሦስት የሰጠሁት ቢጫ መኪና

አሻንጉሊት የሚሰበስብ ጎልማሳ ልጅነቱን እየፈለገ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ ልጅነቴን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ተመልሼ የማነሣው ነገር አልተውሁበትም። ከመኪና ወደ ሮቦት የሚቀየሩትን ትናንሽ አሻንጉሊቶች መሰብሰብ የጀመርሁት አርባን ካለፍሁ በኋላ ነው። የወደድኋቸውም ቃላቸው ሊመረመር ስለሚችል ነው። ሣጥኑ ላይ መኪናም ሰውም እሆናለሁ ይላል፤ አጥፈህ ዘርግተህ ታየዋለህ፣ ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም። እንዲህ አጥፌ ዘርግቼ ያየሁት ሹምም ሆነ ደራሲ የለም።

የምገዛቸው ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ባልዲና የልብስ መስቀያ ከምትሸጥ ነጋዴ ነው። የመጀመሪያው ቀን «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለችኝ።

«ለራሴ ነው» አልኋት።

ትንሽ አየችኝና «አላህ ልጅ ይስጥህ» ብላ ዋጋውን ቀነሰችልኝ።

ቤት ወስጄ ከዐሥር ነጥብ እየሰጠሁ እመዝናቸዋለሁ። ለዚህ የተለየ ደብተር አለኝ። ማጠፊያው ጠበቅ ያለ መሆን አለበት፤ ሲገጥም ቀጭ ማለት አለበት፤ መኪና ሲሆን የሮቦቱ እጅ ከጎማ ሥር ወጥቶ መታየት የለበትም። በእግሩ የማይቆም ሮቦት ከዐሥር ከአራት በላይ አያገኝም። አንድ ቢጫ የጭነት መኪና ግን ሦስት ሰጠሁት። ማጠፊያዎቹ ሁሉ ላልተዋል፤ በሰባት እጥፋት ሰው ይሆናል፣ ሰው ከሆነ በኋላ ግን እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ደብተሩ ላይ «ለማንም አይረባም» ብዬ ጻፍሁ።

ታላቅ ወንድሜ በዚህ ሥራዬ ይስቅ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ዘጌ የሚመላለሱ ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግን ነው የኖረው። ጣቶቹ ዘይት የጠገቡ ነበሩ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ብሎን በዳሰሳ ይለይ ነበር። «እኔ ፈትቼ ስገጥም ሰው ዘጌ ይደርሳል» ይለኛል። «አንተ ፈትተህ ስትገጥም ማን የት ይደርሳል?»

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ስትሮክ መታው። አፉ ቶሎ ተመለሰ፤ እግሩም በከዘራ እሺ አለ። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። እጁን የምታሠራው የሕክምና ባለሙያ ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነገረችን፤ እጅ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ካልሠራ ሥራውን ይረሳል። «ትንንሽ ነገር ይፍታ፣ ይግጠም» አለች። «ራሱ ነው የሚሠራው። እናንተ አትንኩለት።»

እንግዲህ ትንንሽ የሚፈታና የሚገጠም ነገር ያለው ሰው በቤተሰቡ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርሁ። ዘጠኝ የሰጠኋቸውን መርጬ ወሰድሁለት። አንዱንም ማላወስ አልቻለም፤ ያ የወደድሁት ጥብቅ ማጠፊያ ለሰነፈ ጣት ግንብ ነው። ሁሉንም ሞክረን በመጨረሻ የቀረው ሦስት ያገኘው ቢጫ መኪና ሆነ። እሱን በግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ይዞ በቀኝ አውራ ጣቱ የሮቦቱን እግር ዘረጋ። አንድ እጥፋት። ከቁርስ ጀምሮ እስከ ረፋድ ፈጀበት።

በሳምንቱ ሁለት አደረሰ። በወሩ አራት። ደብተሬን አውጥቼ የሮቦቱን ነጥብ ልሰርዝ ከጅዬ ነበር።

የቸገረን ጠያቂ ነው። የታመመ ሰው ቤት ባዶ አይተውም፤ ከሰፈር፣ ከወደቡ፣ ከሐሙሲት ሳይቀር ዘመድ ብርቱካን እያንጠለጠለ ይመጣል። «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ከአንዲት ፕላስቲክ ጋር ሲታገል ያያል። ትልቅ ሰው ሲቸገር እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ደግሞ ነውር ነው፤ ይህን ማንም አላስተማረንም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይነሣል፣ ጎንበስ ይላል፣ አሻንጉሊቷን ከእጁ ቀስ አድርጎ ይወስዳል።

«ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እያለሁ እርስዎ ይደክማሉ?»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሮቦቱ አልቆ ወንበሩ ክንድ ላይ እየተንገዳገደ ይቆማል፤ ቤቱ ሁሉ ይመርቃል። ወንድሜም «ተባረክ» ይላል። ምን ይበል?

ሚስቱን ለብቻ ጠርቼ ነገርኋት። «ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «እግዜር ይማረው ብሎ ለመጣ ሰው እጅህን ሰብስብ ልበል? አንተ በላቸው፤ መናገር የምትወድ አንተ ነህ።»

እኔ መናገር አልወድም፤ መጻፍ ነው የምወድ። ስለዚህ ጻፍሁ። ሕመምተኛው ሥራውን ራሱ እንዲሠራ እንድትተዉልን በትሕትና እንጠይቃለን የሚል፣ ሁለት ጊዜ የታረመ፣ እንከን የማይወጣለት ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፍሁ። በዚህ ሰፈር በር ላይ ወረቀት ከተለጠፈ ቤቱ ሊሸጥ ነው ማለት እንደሆነ ረስቼ ነበር። ቀርቦ ያነበበው የለም። ከሰዓት በፊት አንድ ደላላ መጥቶ ስፋቱን ጠየቀ። እስከ ማታ ድረስ ለሕክምና ቤቱን ሊሸጡ ነው የሚለው ወሬ ወደቡ ደረሰ። በማግስቱ ሊያጽናና የመጣው ሰው ከወትሮው እጥፍ ነበር፤ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር መበደር ነበረብን። ቢጫዋ መኪና በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ሰው እንደሆነች አልቆጠርሁም። በወንድሜ እጅ አንድም ጊዜ አልሆነችም።

ከዚያ ከሰው ላሸሸው ብዬ ከሰዓት ከሰዓት ሐይቁ ዳር እወስደው ጀመር። ውኃው ፊት ለፊት ተቀምጠን እሱ ያጥፋል፣ እኔ እጄን እሰበስባለሁ። አምስተኛውን እጥፋት አለፈ። ስድስተኛው የሮቦቱን ራስ ከደረቱ ውስጥ ገፍቶ ማውጣት ነው። አውራ ጣቱ ይንሸራተታል። እንደገና ያስቀምጠዋል፤ ይንሸራተታል። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ሞተር ሲፈታ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። እኔ ዐይኔን ወደ ውኃው አዞርሁ። መለስሁት። እንደገና አዞርሁ።

ቀጭ ሲል ነው የነቃሁት። እጄ ነበር።

ብዙ ማንበብና መጻፍ ለዚህ አይጠቅምም። ጠያቂውን ሁሉ ስኰንን የከረምሁ ሰው እንደ ማንኛውም ጠያቂ ጎንበስ ብዬ ወስጄ ጨርሼለት ነበር።

ወንድሜ ሮቦቱን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «ስንት ሰጠኸው?» አለኝ።

ሮቦቱን መልሼ መኪና አደረግሁና አቀበልሁት።

«ይቅር» አለ፤ ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ የሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ። «ሰው እያስቸገርሁ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ አሻንጉሊቱን አልነካውም። አላመነኝም እንጂ ያስቸገርነው እኛ እንደሆንን ነግሬዋለሁ። ባለሙያዋ ያለችው ወራት ገና ሙሉ በሙሉ አላለቁም፤ ስለዚህ በየማለዳው ቢጫዋን መኪና አጠገቡ አስቀምጣታለሁ። ማታ እንደ ታጠፈች አነሣታለሁ። ትናንት አመልካች ጣቱ ጎማዋ ላይ ዐርፎ አገኘሁት። ተኝቶ ይሁን ነቅቶ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁትም።

ልትጠይቁት እንደምትመጡ አውቃለሁ፤ አትምጡ ብዬ ብነግራችሁም አትቀሩም። ኑ። ብርቱካኑን አስቀምጡ፣ ተቀመጡ፣ ሁለቱንም እጃችሁን ከታፋችሁ ሥር አድርጉ። ጣቱ ቢንሸራተት ሌላ ወሬ አውሩ። አትንኩለት።