ድምፅ የሌለው ቀልድ

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ፣ ምሳ የምበላበት ቤት ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ትናንት አንድ ቀልደኛ እጁን ያወናጭፋል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። አስተናጋጇ፣ «ጋሼ፣ ሳውንዱን ኦን ላድርግልዎት?» አለችኝ።

«ተይው ልጄ፣ እንዲሁ ይበቃኛል።»

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው ጋሽ ተካ ብቻ ነበሩ። እኔ ደግሞ ቀልድ ሲባል ራሴን አላውቅም። በበዓል ዋዜማ የሚቀርበውን ቀልደኛ ድምፁንም አረማመዱንም እቀዳው ነበር። ታዲያ ጋሽ ተካ ሞቱና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት። ሐዘን ቤት ሳቅ ነውር ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቀልዱ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ በራቸው ላይ ስንቆራጠጥ አዩኝ።

«ግባ አንተ! ድምፁን ግን አልከፍትም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

ጨርቁን ገለጡት። ቀልደኛው አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

«ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

ምኑን አውቄ! ብቻ የሱን ድምፅ እያስመሰልኩ፣ ወሬውን ከራሴ እየፈጠርኩ አወራሁላቸው።

«ጋሽ ተካ ቢኖሩ እዚህ ጋ ነበር የሚስቁት» አሉና በጥቁር ነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ይኸው ዛሬ እኔ እሳቸው ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ያን ቀን እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ግን እስካሁን አላውቅም። ደንግጬ ዝም ስል፣ ፊታቸውን ሳይገልጡ፣ «ቀጥል እንጂ!» ነበር ያሉኝ።