«ዝም ብሎ» የተባለው ሳጥን

ጅጅጋ ውስጥ መሬት የሚቆፍር ሰው ሁሉ ጋዝ ፈላጊ ነው። ለሽንት ቤት ጉድጓድ አካፋ ያነሳ ሰው እንኳ ከአጥሩ ማዶ አንድ ተመልካች አያጣም። ስለዚህ እትዬ ወለተሐና ግቢ ውስጥ አንድ ፈረንጅና አንዲት ወጣት ሴት ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የዋሉ ዕለት ወሬው ገበያ ለመድረስ ባጃጅ አላስፈለገውም። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር፤ «አላውቅም» ስል ደግሞ «ደበቀን» ተባልኩ።

እትዬ ወለተሐና ያኔ፣ በ2012፣ ወደ ስልሳ እየተጠጋች ነበር። አንቱ ስላት «ምነው አስረጀኸኝ?» ትላለች፤ ስለዚህ እዚህም እሷ ማለቴን አንባቢ ይለፈኝ። አያቷ በውትድርና መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እሷ ጅጅጋ ተወልዳ፣ ጅጅጋ ነግዳ፣ ጅጅጋ ባል ቀብራለች። ሰላምታዋ በአማርኛ ነው፤ ዋጋ ስትከራከር ግን ሶማልኛ ነው የሚቀናት፤ ስትምል ደግሞ በራጉኤል ትምላለች።

በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ የጨርቃ ጨርቅ ሱቋ ተቃጠለ። ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ እሷ «የተቃጠለው ሱቄ ነው፣ እኔ አልተቃጠልኩም» ብላ ቀረች። ከከተማው ዳር፣ ከድንጋያማው ኮረብታ ግርጌ፣ ባሏ የተዉላት ትንሽ ቤት ገባች። ልጇ ሶሲና አዳማ አግብታ ነው የምትኖረው፤ በየእሁዱ እየደወለች አንድ ጥያቄ ትደጋግምላታለች። «እማዬ፣ እዚያ ምን አለሽ?» እትዬ ወለተሐና መልስ አልነበራትም። መልስ በማጣቷ እጅግ ትናደድ ነበር።

ወጣቷ ሂቦ ትባላለች፤ የዚሁ የከተማችን ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር። ፈረንጁ ከቤልጂየም የመጣ ዶክተር ነው። ዛፍ የሌለበት፣ መኪና የማያልፍበት፣ ሥሩ ዓለት የሆነ ጸጥተኛ ግቢ ፍለጋ ከተማውን ሲዞሩ ሰንብተው እሷ ዘንድ ደረሱ።

«ጋዝ ነው የምትፈልጉት?» አለቻቸው ገና ከበሩ።

«አይደለም፣ እትዬ» አለች ሂቦ። «አንድ መሣሪያ እንቀብራለን። ከዓለም ማዶ መሬት ሲንቀጠቀጥ ማዕበሉ በመሬት ሆድ ውስጥ አልፎ እዚህ ይደርሳል። መሣሪያው እሱን ያዳምጣል።»

«ይሄን ሁሉ ማን ይከፍላል?»

«የአውሮፓ ሕዝብ። አገሮቹ ከግብራቸው አንድ ላይ ያዋጣሉ። ከዚያ ሊቃውንት ተሰብስበው ጥሩ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ተመራማሪ ይሰጣሉ።»

«ዕድር ነው በይኛ!»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ዕድር እንኳ ሰው ይቀብራል። የእናንተ ምን ያደርጋል?»

ሂቦ ሳቀች። «ሊቃውንቱ ምን ይጠቅማል ብለው አይጠይቁም፣ እትዬ። ምኑ አልታወቀም ብለው ነው የሚጠይቁት። ዶክተሩ የመሬት እምብርት ምን እንደሚመስል ማወቅ ይፈልጋል። ሌላ ዓላማ የለውም፤ ዝም ብሎ ለማወቅ ነው።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

እትዬ ወለተሐና እስክትታጠፍ ሳቀች። ይሁን እንጂ ነገሩ ሆዷ ገባ። በዚያ ሰሞን ወደ ከተማችን የሚመጣ ሁሉ አንድ ነገር ሊወስድ ወይ አንድ ነገር ሊሸጥ ነበር፤ ዝም ብሎ የመጣ ሰው አይታ አታውቅም። ድስት የሚያህለውን መሣሪያ ከዓለቱ ላይ አስቀመጡት፣ በሳጥን ከደኑት፣ የፀሐይ ሰሌዳ ተከሉለት። የሰፈሩም ሕፃናት ስም አወጡለት፤ «ዝም ብሎ» አሉት። ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ አጠገቡም ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ስሙ በሁለት በኩል ሰመረለት።

በእሁዱ ስልክ ሶሲና የተለመደውን ስትጠይቅ ለእናቷ መልስ ተገኘላት። «ኃላፊነት አለብኝ። የመሬትን ሆድ የሚሰማ መሣሪያ እጠብቃለሁ።» ሶሲና «እሺ» አለች። «ያ ሳጥን የተነሳ ዕለት ግን አዳማ ትመጫለሽ። ራጉኤልን በይ።» እትዬ ወለተሐና በደስታዋ ላይ ነበረችና ሳታስብ «ራጉኤልን!» አለች። በዚህ ስም ምላ ያጠፈችው ቃል የለም፤ ይህን ሶሲናም ታውቃለች።

ከዚያ ወዲያ የሰፈራችን ኑሮ ተለወጠ። ግቢዋ አጠገብ ገመድ መዝለል ቀረ። የዕድሩ ድንኳን ብረቶች እሷ ቤት ይቀመጡ ነበር፤ ወደ እኔ ግቢ ተዛወሩ። የገዛ ወንድሟን ልጅ ሠርግ እንኳ «ጭፈራችሁን ቤልጂየም ይሰማዋል» ብላ በግቢዋ ከለከለች፤ ሙሽራውም ለዓመታት አኩርፏት ኖረ። ሂቦ በየጊዜው ላፕቶፗን ይዛ መጥታ መሣሪያው የሰማውን በመስመር ተስሎ ታሳያት ነበር። ቀኑን ሙሉ የከተማው መኪናና ሰው መስመሩን እንደ እሾህ አጥር ያቆመዋል። በረመዳን ግን ልክ የማፍጠሪያው የመግሪብ አዛን ሲል እሾሁ ይረግፋል፣ መስመሩ ለጥ ይላል። ጅጅጋ በሙሉ ተምር አንስቶ ተቀምጧል ማለት ነው። እትዬ ወለተሐና ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። ከተማው ሲናደድ አይታለች፤ እንዲህ አንድ ላይ ሲያርፍ በዓይኗ የምታየው አይመስላትም ነበር።

ዳሩ ግን የጋዙ ወሬ አልሞተም። ራሺድ የሚባል ነጋዴ፣ ከእሷ ግቢ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ጋዝ ወጥቶ ካሳ ይከፈለኛል ብሎ ገዝቶ ነበር። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ጋዙ ሲቀርበት «ቦታው ዝም ብሎ አይቀመጥም» ብሎ በ2017 መጀመሪያ ወፍጮ ተከለበት። መብራት በከተማችን ቀን እየሄደ ማታ ማታ ነው የሚመጣው። ወፍጮውም መብራት ከመጣ አያርፍም፤ የመሣሪያው መስመርም ከዚያ ወዲያ የእሾህ አጥር ብቻ ሆነ።

ሂቦ በየካቲት ፊቷን አጥቁራ መጣች። የምርምሩ ዘመን አልቋል፤ ይራዘም እንደሆነ የሊቃውንቱ ጉባኤ ሊወስን ነው። እዚያም አገር በጀት ጠብቧል፣ «ይሄ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው በዝቷል። ቢራዘም እንኳ በየቦታው ከተቀበሩት መሣሪያዎች ግማሹ ይነሳል። እያንዳንዱ ጣቢያ እስከ ኢድ ድረስ ሌላው ያልሰማውን አንድ ጥርት ያለ ነገር ካላሳየ አይተርፍም።

«የእኛ ከወፍጮ ሌላ ምን ይሰማል?» አለች ሂቦ። «ይነሳል፣ እትዬ።»

እትዬ ወለተሐና የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። እኔ ዘንድ መጥታ «አዳማ ወበቅ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳጥኑ ከተነሳ ይህች ሴት ከተወለደችበት ከተማ በገዛ ቃሏ ትነቀላለች።

በማግስቱ ራሺድ ዘንድ ሄደች። ራሺድ አንቱታ አይሆንለትም፣ ሁሉን አንቺና አንተ ነው የሚለው፤ ግን ልቡ ደግ ነው።

«ወላሂ አልችልም» አላት። «ወፍጮ እንጀራዬ ነው። ያንቺ ሳጥን ዝም ብሎ ነው።»

«ዝጋ አላልኩህም። በረመዳን ስታፈጥሩ ወፍጮው ይቆማል አይደል?»

«ለተምርና ለውሃ። ወዲያው እናስነሳለን፤ ለረመዳን ዱቄት የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው።»

«እንግዲያው ማፍጠሪያችሁን እኔ አመጣለሁ። ተረጋግታችሁ ብሉ፣ ሌላ አልጠየቅኩም።»

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። እሷም ጾመኛ፣ እነሱም ጾመኞች፤ ሁለቱን ጾም አስታርቆ አንድ ትሪ ላይ የሚያስቀምጥ ምግብ ደግሞ የምስር ሳምቡሳ ነው። በየምሽቱ አንድ ትሪ ሳምቡሳና ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ ሻይ ይዛ አጥሩን ትዞራለች። ዱቄት ጠባቂዎቹም ይቀመጣሉ። ራሺድ መጀመሪያ ላይ ማብሪያው ሥር ቆሞ ነበር የሚበላው፤ ቀስ እያለ ሰሌን ላይ ወረደ፤ በኋላም የሻዩን ስኳር ማማረጥ ጀመረ። እኔም ፔርሙስ ተሸካሚ ሆንኩ።

ምሽቱ እየረዘመ፣ ጸጥታው እየሰፋ ሄደ። ጥርት ያለ ነገር ግን አልመጣም። ኢድ ተቃረበ፣ ሂቦም መደወል ተወች። በመጨረሻዎቹ ምሽቶች በአንዱ መብራት ቶሎ መጣ፤ ራሺድ ሁለተኛውን ሻይ ሳይጨርስ እጁን አራግፎ ተነሳ። ዱቄት ጠባቂውም ሰው ጆንያውን ያዘ።

እትዬ ወለተሐና ፔርሙሷን እንደ ያዘች «አንተ ራሺድ» አለችው። «አባትህ ሐርተሼክ ሱቅ ነበራቸው ያልከኝ እውነት ነው?»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ራሺድ ፊት ሐርተሼክን ያነሳ ሰው እንቅልፉን ይሰናበት። በልጅነቱ ያያት የደራች የድንበር ገበያ፣ የሬዲዮው ክምር፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የአባቱ ግመሎች፤ መጀመሪያ አለው እንጂ መጨረሻ የለውም። ራሺድ እጁን ወደ ማብሪያው ዘርግቶ ነበር። መለሰው። ተቀመጠ። «ሐርተሼክ!» አለ። «ሐርተሼክን ማን ያውቃታልና!» በወሬው ውስጥ ሁለት ግመሎች ጠፍተው እስኪገኙ ሻይ ሁለት ጊዜ ተቀዳ። ማንም ምንም አልተሰማውም። መሬቱ እንደ ወትሮው መሬት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሂቦ የግቢውን በር ሳታንኳኳ ገባች።

«እትዬ! ትናንት ማታ ወፍጮው ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«የራሺድ ግመሎች እስኪገኙ።»

ሂቦ አቅፋ አነሳቻት። እኔንም ራሺድንም ጠርታ ላፕቶፗን ከፈተች። መስመሩ ለጥ ብሎ ይሄድና ከመካከሉ አንድ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ሞገድ ብድግ ይላል። ከፓስፊክ ባሕር ሥር፣ ከዓለም ማዶ፣ ጥልቅ ውስጥ መሬት ተንቀጥቅጦ ማዕበሉ በእምብርቷ ሰንጥቆ ወደ እኛ ወጥቷል። ከጣቢያዎቹ ሁሉ እንዲህ አጥርቶ የሰማው የእኛ ነው። እኔ ተማሪዎቼን የመሬት እምብርት በጠመኔ ስዬ ሃያ ዓመት ሳስተምር ኖሬ፣ ከዚያ የመጣ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ራሺድ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። «በየት በኩል ነው የወጣው?»

«ከሥራችን» አለች ሂቦ። «በዚህ ሁሉ ሥር አልፎ።»

«በእኔ ቦታ ሥር?»

«በእርስዎም ቦታ ሥር።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ ራሺድ። «በመጨረሻ ከመሬቴ አንድ ነገር ወጣ!»

ውሳኔው በግንቦት መጣ። ጉባኤው ላይ አንዱ ሰው «ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ። ዶክተሩ የጅጅጋን መስመር ግድግዳው ላይ አሳየ። ምርምሩ ተራዘመ። ግማሾቹ ጣቢያዎች ተነሱ፤ የጅጅጋው አልተነሳም፣ እንዲያውም ከሌላው የበለጠ አዲስ መሣሪያ ተላከለት። ራሺድም ወፍጮውን ወደ ገበያው አዛወረ። «ለደንበኛ ስለሚቀርብ ነው» ይላል፤ እኛም ያመንነው መስለን እንሰማዋለን።

ሳጥኑ ሳይነሳ አሮጌው መሣሪያ ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ አንድ ቀን ጉድጓዱ ባዶ እንደሚሆን ሂቦ ስትነግራት እትዬ ወለተሐና «አንድ ቀን ሙሉ ማንም አይሰማንም?» አለች። ከዚያ የግቢዋን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። የዕድሩን ድንኳን ከእኔ ቤት አስመጣች። ከበሮ መጣ፣ የራሺድ ቤተሰብ በሶማልኛ ዘፈን ገባ፣ ሕፃናቱ ገመዳቸውን ይዘው መጡ። ያ ያኮረፈው የወንድሟ ልጅ እንኳ ሚስቱን ይዞ መጥቶ የተከለከለውን ሠርግ ጨፈረ። የዚህ ሁሉ ዓመት የታመቀ ጩኸት በአንድ ቀን ወጣ። እትዬ ወለተሐና እስክስታ ስትወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከሁላችንም ትበልጣለች።

ሶሲና ከአዳማ መጥታ ነበር። እናቷን ልታመጣ ያዘጋጀችውን ክፍል ለልጆቿ እንደሰጠች ነገረችኝ፣ እየሳቀች፣ ትንሽም እያለቀሰች። አመሻሽ ላይ ሂቦ አዲሱን መሣሪያ ዓለቱ ላይ አስቀምጣ እጇን አነሳች። ከበሮው ቆመ። ያ ሁሉ ሰው፣ ሕፃኑም ጭምር፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ ጣት እየተራመደ ወጣ።

ሶሲና ደጃፉ ላይ እናቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ጉድጓዱን እያየች በሹክሹክታ «እማዬ» አለቻት። «እውነቱን ንገሪኝ። እዚህ ምን ይዞሽ ነው?»

እትዬ ወለተሐና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች።

«ምንም» አለች። «ዝም ብዬ ነው።»