ጀርባዬን ሰጥቼ የበላሁት ምሳ

ጓደኞቼ ክረምቱን ላንጋኖ ሲዋኙ እኔ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥዬ አስመራ ገባሁ። ዘመድ የለኝ፣ ትግርኛ አልሰማ፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ውጭ አገር ከመሄድ አይተናነስም ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው የገዛ ጥላውን ይጠረጥራል። እኔን ግን በዚያ ዕድሜዬ የሚያስፈራኝ ነገር ገና አልተፈጠረም።

ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ምድር ቤቱን ቡና ቤት አድርገው ፎቁ ላይ አልጋ የሚያከራዩ ባልቴት አገኘሁ። ያለ ደመወዝ ባሩን ልያዝልዎት፣ እርስዎ አልጋና ምሳ ይስጡኝ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራስ አይተውኝ ሽርጥ ወረወሩልኝ። ሳይውል ሳያድር የማኪያቶ አረፋ እንደ እኔ የሚያወጣ በሰፈሩ ጠፋ። ይህን ስል አላፍርም።

ችግሩ ሌላ ነበር። እኔ ስጠጋ ወሬ ይቆማል፣ ስርቅ ይቀጥላል። ማንም የማያውቀው፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር፣ በነጻ የሚሠራ ጎረምሳ! እኔም ብሆን እጠረጥረው ነበር። ደንበኞች መቅረት ጀመሩ። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ የመስኮቱን ጠረጴዛ ሲያሟሙቁ የሚውሉ አንድ አዛውንት እንኳ ባንኮኒው ላይ ቆመው ጨልጠው መውጣት ያዙ። በመጨረሻ ባልቴቷ ጠሩኝና፣ ነገሩ እስከ እሑድ ካልተስተካከለ ሌላ ማረፊያ እንድፈልግ ነገሩኝ። ደሜ ፈላ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ምሳህን እንዴት ነው የምትበላው?» አሉኝ።

እንዴት እበላለሁ? ባንኮኒው ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ቶሎ ቶሎ ነዋ። እንግዳ ፊት ቆሞ ማላመጥ በእኛ ቤት ነውር ነው።

«ስማዕ ወደይ፣ ስማኝ ልጄ፣ ክፉ ልጅ አይደለህም። ግን ጀርባህን ሰጥተህ ስትበላ፣ አፍህ ምግቡ ጋ ጆሮህ እኛ ጋ ይመስላል።»

በማግስቱ ዝግኒዬን፣ የሥጋ ወጤን፣ ከነሳህኑ ባንኮኒው መሀል፣ አዛውንቱ የቆሙበት አጠገብ አስቀመጥኩና ቤቱን በሙሉ «ንብላዕ» አልኩ። እንብላ ማለቴ ነው። ሁሉም ከየወንበሩ «ይጥዓምካ» አለኝ፤ ይጣፍጥህ፣ ብቻህን ብላ እንደ ማለት ነው። ወግ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መብላት ይጀምራል። እኔ ግን ግትር ነኝ። እጄን ታጥቤ፣ አጣጥፌ ቆምኩ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ቅባቱ ረጋ። ከጥግ አንዱ ሳቀ። ባልቴቷ ብርጭቆ መወልወላቸውን ትተው ያዩኛል። ሆዴ ይጮሃል፤ እምቢ ካሉኝ አለቀልኝ።

አዛውንቱ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ባንኮኒው ላይ አኖሩና ወደ መታጠቢያው ሄዱ። እጃቸውን እያራገፉ ተመለሱ።

«በረሃብ ልትሞትብን ነው እንዴ?» አሉኝ በአማርኛ፤ አማርኛ እንደሚችሉ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

አንድ ጉርሻ ወሰዱ፤ እኔም ወሰድኩ። እያኘኩ ወደ መስኮቱ ዞሩና እኔ ስመጣ ያቋረጡትን ወሬ በትግርኛ ቀጠሉ። ከመስኮቱ ስር የተቀመጡት መለሱላቸው፤ ክርክሩ ጦፈ፣ ሳቁም እንደዚያው። እኔ አንዲት ቃል አልገባኝም፤ ደስታዬ ግን ፊቴ ላይ አልደበቅ አለኝ። ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።